እቁብ፣ ክሬዲት ካርድና የእናት ኮንዶሚኒየም፦ አምስት ዓመት ልክፈል ወይስ ባንክራፕሲ ልግባ?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን አራት ዓመታችን ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ በመኪናችን ሰው ያመላልሳል፣ ሁለት ልጆች አሉን። በአምስት ክሬዲት ካርድ 34,200 ዶላር ዕዳ ውስጥ ገብተናል፤ ወለዱ በአማካይ 26 በመቶ ነው። ከዚህ ሌላ ከባለቤቴ ወንድም 6,000 ዶላር ተበድረናል። በወር 500 ዶላር የምጥለው እቁብ ወጥቶልኝ በልቼዋለሁ፤ ዘጠኝ ዙር ይቀረኛል፣ ዋሴ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መኪናው 14,500 ዶላር ቀሪ ብድር አለበት፣ ቢሸጥ ግን 12,000 ቢያወጣ ነው። በወር በእጃችን የሚገባው 5,600፣ ወጪያችን 4,650 ነው፤ ለእናቴ የምልከው 300 ዶላርም እዚሁ ውስጥ አለ። ለካርዱና ለእቁቡ 950 ይተርፈናል። የብድር አማካሪ ድርጅት ወለዱን ወደ 8 በመቶ አስቀንሼ በ60 ወር አስጨርስዎታለሁ ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ባንክራፕሲ (ዕዳን በፍርድ ቤት በኩል ማሰረዝ ወይም ማስተካከል) ግቢና ተገላገይ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ካርድ የ7,800 ዶላር ክስ ደርሶኛል። 401ኬዬ (በአሠሪዬ በኩል የማጠራቅመው ጡረታ) ውስጥ ያለውን 11,000 ዶላር አውጥቼ የባለቤቴን ወንድምና እቁቡን ልዝጋ? ባንክራፕሲ የዜግነት ማመልከቻዬን ያበላሽብኛል? አዲስ አበባ እናቴ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም በስሜ ነው፤ እሱ ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ቀን የሚቆጠርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክሱ መጥሪያ። የቀረውን ረጋ ብለን እናየዋለን፣ ይኸኛው ግን ለነገ አይባልም። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት የተከሰሰ የግዛቱ ነዋሪ መጥሪያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ 15 ቀን አለው። ከመጥሪያው ጋር አብራ የመጣችውን «እከራከራለሁ» የምትል ቅጽ ሞልተው ለፍርድ ቤቱ ይመልሱ፣ ቅጂዋን ያስቀሩ። ዕዳው የእርስዎ ቢሆንም ይመልሱ። እውነት ያልሆነ ነገር መጻፍ አያስፈልግም፤ ከሳሹ የገንዘቡን ልክ ያስረዳ፣ ዕዳውን ከባንኩ የገዛ ድርጅት ከሆነም በሕጋዊ መንገድ የተላለፈለት መሆኑን ያሳይ ማለት ይበቃል። ዝም ካሉ ግን ክርክር ሳይሰማ ይፈረድብዎታል። የሜሪላንድ ፍርድ 12 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያም ይታደሳል፣ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል፤ ባለ ፍርዱ ከተጣራ ደመወዝዎ እስከ ሩብ ድረስ ሊያስቆርጥና የባንክ ሒሳብዎን ሊያሳግድ ይችላል። ቅጿ ክሱን አታስቀረውም። የፍርድ ቀጠሮ ታስይዝልዎታለች፣ ባንክራፕሲ የሚገቡ ከሆነ መግባት ያለብዎት ከዚያ ቀጠሮ በፊት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። 950 ይተርፈናል ብለዋል። አይተርፍዎትም።

ባለቤትዎ የሚያመጡት ገንዘብ ግብር ያልተነካው ነው። በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆን ለራሱ፣ የሚሠራ ሰው የተነዳበትን ማይል በወጪነት ከቀነሰ በኋላም በሚቀረው ትርፍ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 15.3 በመቶ ይከፍላል፣ ገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው። በወር ቢያንስ 200 ዶላር ለይታችሁ ካላስቀመጣችሁ ሚያዝያ ላይ አዲስ ዕዳ ይመጣል። የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብር ደግሞ በባንክራፕሲ ከማይሰረዙት ዕዳዎች አንዱ ነው። በየስድስት ወሩ የሚከፈለውን ኢንሹራንስ፣ ጎማውንና የሞተር ዘይቱን ዝርዝርዎ ውስጥ አላየናቸውም፤ ቀን ሙሉ ለሚሠራ መኪና ወር በወር ቢከፋፈል 100 ዶላር ትንሽ ነው። ስለዚህ የሚተርፈው 650 ነው። እቁቡ 500 ሲወስድ፣ ለሚቀጥሉት ዘጠኝ ወራት ለካርድ የሚቀርዎት 150 ዶላር ብቻ ይሆናል።

34,200 ዶላር በ26 በመቶ በወር 741 ዶላር ወለድ ይወልዳል። እቁቡ ጭራሽ ባይኖርና 650ውን በሙሉ ለካርዱ ቢያውሉት እንኳ ዕዳው በየወሩ በ91 ዶላር ያድጋል። በደብዳቤዎ ያሉትን 950 ሳያጓድሉ ቢከፍሉ 71 ወር ይፈጅና ወደ 67,000 ዶላር ይወጣል። ሚኒመም እየከፈሉ መቆየት ምርጫ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ከዝርዝሩ ይውጣ።

አማካሪው ያቀረበልዎት ዕቅድ በራሱ መጥፎ አይደለም። 34,200 በ8 በመቶ በ60 ወር ሲከፈል ወርሃዊው 693 ዶላር ነው፣ የድርጅቱ የአገልግሎት ክፍያ 40 ዶላር ገደማ ሲጨመር 733 ይመጣል፤ በአምስት ዓመት ወደ 44,000። ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ መሆኑንና በሜሪላንድ የፋይናንስ ቁጥጥር ቢሮ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ግን 733 ከ650 ይበልጣል። ለእናትዎ ከሚልኩት 100 ቢቀንሱ 750 ይሆንና 17 ዶላር ይተርፋል። በ17 ዶላር ህዳግ 60 ወር መጓዝ የሚያዋጣው የመኪናው ትራንስሚሽን፣ የልጆቹ ጥርስና የቤት ኪራዩ አምስት ዓመት ሙሉ ከነበሩበት ካልተነቃነቁ ነው። ዕቅዱ የሚፈርስበት መንገድም የታወቀ ነው፦ አንድ ወይ ሁለት ክፍያ ሲያልፍ ባንኩ የቀነሰውን ወለድ ይመልሳል፣ ካርዶቹ አስቀድመው ተዘግተዋል፣ እስከዚያ የከፈሉት ተመልሶ አይመጣም። ያኔ ባንክራፕሲ የሚገቡት ሁለት ዓመትና ወደ 18,000 ዶላር ካባከኑ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ዕቅዱ ክስን አያስቆምም። የከሰሰዎት ካርድ ጉዳዩን ለጠበቃ ስላስተላለፈ፣ ዕቅዱ ውስጥ ለመግባት ላይስማማ ይችላል። እቁቡና የባለቤትዎ ወንድምም ከነጭራሹ አይካተቱም።

በእኛ ግምት እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚያዋጣው እውነተኛው ትርፍ ከክፍያው ቢያንስ በ200 ዶላር ለሚበልጥለት፣ ላልተከሰሰና ዕዳው ከዓመት ገቢው ሲሶ ለማይበልጥ ሰው ነው። እርስዎ ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ አይደሉም።

በራዲዮ «ዕዳዎን በግማሽ እናስቀንሳለን» የሚሉት ሌላ ዓይነት ናቸው። መክፈል እንዲያቆሙ ያደርጉና ገንዘቡ ሲጠራቀም ከባንኮቹ ጋር ይደራደራሉ፤ ለዚህም ካስመዘገቡት ዕዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይወስዳሉ። በመካከሉ ይከሰሳሉ። የማሩልዎት ገንዘብም 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን 1099-ሲ የሚባል የግብር ቅጽ ይላክልዎታል፣ ከንብረትዎ ዕዳዎ የሚበልጥ መሆኑን በቅጽ 982 ካላሳዩ እንደ ገቢ ግብር ይጠየቅበታል። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ግን ግብር የለውም። በተለይ ሥራው ሳይሠራ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው በስልክ ካገኙ፣ የፌዴራል ደንቡ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከለክለዋልና ስልኩን ይዝጉት።

ጓደኞችዎ ግቢ የሚሉዎት ቻፕተር 7 ነው፤ ከለላ የሌለው ንብረት ካለ ለአበዳሪዎች ተሸጦ የቀረው ዕዳ የሚሰረዝበት ዓይነት። መጀመሪያ የሚታየው ገቢ ነው፦ ፋይል ከሚደረግበት ወር በፊት የነበሩት ስድስት ሙሉ ወራት የቤተሰብ ገቢ ተደምሮ በሁለት ይባዛል፣ ለሜሪላንድ የአራት ሰው ቤተሰብ ከተቀመጠው መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ልክ ከ100,000 ዶላር በላይ ስለሆነ በጻፉልን ገቢ ያልፋሉ። ኦቨርታይም በብዛት የሠሩባቸው ወራት ካሉ ግን በዚያ ስድስት ወር ውስጥ መሆን አለመሆናቸውን ይዩ። ከዚያ ፋይል ከማድረግዎ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ካለው ድርጅት የብድር ምክር ወስደው ሰርተፊኬት ይይዛሉ፤ በኢንተርኔት ወይም በስልክ አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፣ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ50 ዶላር አይበልጥም። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 338 ዶላር ነው፣ ባልና ሚስት አብረው ቢገቡም ያው 338፤ በአራት ጊዜ መክፈል ይፈቀዳል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰው ጉዳይ የሚታየው ግሪንቤልት ነው። የጠበቃው ዋጋ ለተራ ጉዳይ ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ይሆናል፣ በቻፕተር 7 ደግሞ አስቀድሞ ይከፈላል።

ወረቀቱ በገባበት ቅጽበት ክሱ፣ የስልክ ጥሪውና የደመወዝ ቆረጣው ይቆማል። ከ21 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ትረስቲው፣ ማለትም የንብረቱ ባለአደራ፣ በቪዲዮ ቃለ መሐላ አስፈጽሞ ይጠይቅዎታል። ፎቶ ያለበት መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ በነጻ ይቀርባል፣ ቀደም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፤ የሚተረጉም ዘመድ ይዞ መግባት አይመከርም። ተቃዋሚ ካልመጣና ሁለተኛውን የገንዘብ አያያዝ ትምህርት በጊዜው ከጨረሱ፣ ፋይል ባደረጉ በአራት ወር አካባቢ ካርዶቹና የሐኪም ቤት ዕዳ ይሰረዛሉ። የልጅ ቀለብ፣ የቅርብ ግብርና አብዛኛው የተማሪ ብድር አይሰረዝም። ከአሁን ጀምሮ ካርዶቹን አይንኩ፦ ፋይል ከማድረግ በፊት በነበሩት 90 ቀናት የተገዛ ቅንጦት፣ በ70 ቀናት ውስጥ ከካርድ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ከተወሰነ ልክ ካለፈ በማጭበርበር የተወሰደ ነው ተብሎ ይገመታል።

እስካሁን ያለውን ብቻ ብናይ መልሳችን አጭር ነበር፤ ቻፕተር 7 ይግቡ እንልዎት ነበር። ጉዳዩን የሚወስነው ግን በደብዳቤዎ መጨረሻ «አይገናኝም» ብለው ያለፉት ኮንዶሚኒየም ነው።

የአሜሪካ የባንክራፕሲ ሕግ የሚያየው የባለ ዕዳውን ንብረት ሁሉ ነው፣ የትም ይገኝ፣ በማንም እጅ ይሁን። ሰሚትም ሆነ ጀሞ ያለ ቤት ቅጹ ላይ ይጻፋል። ትረስቲው በቃለ መሐላ ሲጠይቅዎት «በሌላ ሀገር ቤት፣ መሬት ወይም ሒሳብ አለዎት?» ማለቱ አይቀርም። መደበቅ ዕዳው እንዳይሰረዝ ከማድረጉም በላይ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ የሚያደርስ የፌዴራል ወንጀል ነው። በሜሪላንድ ሕግ መኖሪያ ቤትን ከአበዳሪ የሚጠብቀው ከለላ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ስለሆነ ይህን ቤት አይሸፍነውም። ለማንኛውም ንብረት የሚሆነው የ6,000 ዶላር ከለላ ግን ሊውልበት ይችላል። ሌላው 5,000 ለተንቀሳቃሽ ንብረት ብቻ ስለሆነ ለባንክ ሒሳብዎና ለግብር ተመላሽዎ ያቆዩት። እነዚህ የሜሪላንድ ልኮች የሚሠሩልዎት እዚያ ከኖሩ 730 ቀን ስላለፈ ነው፤ ትናንት ከቨርጂኒያ ለመጣ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

ስለዚህ ቁልፉ ጥያቄ ቤቱን ማን ከፈለው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ከሀገር ሳይወጣ በ1997 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በስሙ ተመዝግቦ ዕጣው ሲደርሰው ቅድመ ክፍያውን እናት ወይም ወንድም ከፍለዋል፣ ወርሃዊውንም እነሱው ለንግድ ባንክ ሲከፍሉ ኖረዋል። ሕጉ ለዚህ ቦታ አለው፦ በስም ብቻ የተያዘና ጥቅሙ የሌላ ሰው የሆነ ንብረት ለአበዳሪዎች የሚያስተላልፈው ስሙን እንጂ ጥቅሙን አይደለም። ግን ይህ በቃል አይነገርም። የቅድመ ክፍያውና የወርሃዊው ደረሰኝ፣ ገንዘቡ የወጣበት የባንክ ደብተር፣ ውሉ፣ ከእርስዎ የተላከ ገንዘብ ካለ መጠኑና ቀኑ፣ ሁሉም በተረጋገጠ ትርጉም ይቅረብ። ቅጹ ላይም «የሌላ ሰው የሆነ ነገር በእጅዎ ይዘዋል?» የሚል ራሱን የቻለ ጥያቄ አለ፤ መልሱ አዎ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከእርስዎ የወጣ ከሆነ ግን ቤቱ የእርስዎ ነው፣ የእናትዎ መኖር ይህን አይለውጠውም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ቤቱን ለእህት ወይም ለወንድም በውክልና አዙሮ ፋይል ሲያደርግ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተላለፈ ንብረት ቅጹ ላይ በግልጽ ይጠየቃል፣ ያለ ተመጣጣኝ ዋጋ የተላለፈውን ትረስቲው ሊያስመልስ ይችላል፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ አበዳሪን ለማታለል ከተደረገ ደግሞ የዕዳ ስረዛው ራሱ ሊከለከል ይችላል። ቤቱ እንዳለ፣ ስሙም እንዳለ ይቆይ።

ቻፕተር 7 እንደገቡት የማይወጡበት መሆኑንም ይወቁ። ትረስቲው ቤቱን ካየ በኋላ «ትቼዋለሁ» ቢሉ ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ካላገኘ አይለቅዎትም። በተግባር ትረስቲው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከሚሸጥ የቤቱን ዋጋ ያህል በገንዘብ እንዲያስገቡ መደራደርን ይመርጣል፤ ያ ገንዘብ ግን የለዎትም። ስለዚህ ማስረጃው ጠበቃ ሳያየው ቻፕተር 7 አይግቡ።

ማስረጃው ደካማ ከሆነ ያለው መንገድ ቻፕተር 13፣ ማለትም ፍርድ ቤት ባጸደቀው ዕቅድ ወር በወር መክፈል ነው፣ ከአማካሪው ዕቅድ ጋር መወዳደር ያለበትም ይኸኛው ነው። ቤቱ ይቀራል፣ እርስዎ ግን አበዳሪዎቹ በቻፕተር 7 ያገኙት የነበረውን ያህል ቢያንስ ይከፍላሉ። ቤቱ ተሸጦ የተጣራ 20,000 ዶላር ያወጣል እንበል። የ6,000ው ከለላ ሲቀነስ 14,000 ነው። ገቢያችሁ ከመካከለኛው በታች ስለሆነ ዕቅዱ 36 ወር ሊሆን ይችላል፣ የሚከፍሉትም ከወጪ የተረፈውን ነው፦ 650 በ36 ሲባዛ 23,400። ከዚህ ላይ የትረስቲው ድርሻ እስከ 10 በመቶ፣ 2,340 ይወጣል፤ በዕቅዱ ውስጥ የሚከፈል የጠበቃ ቀሪ 4,500 ብንል ለአበዳሪዎች 16,560 ይደርሳል። 14,000ውን አለፈ። የተረፈው የካርድ ዕዳ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ይሰረዛል። ከአማካሪው 44,000 ጋር ያስተያዩት። ቤቱ ዕዳውን ሁሉ የሚሸፍን ዋጋ ካወጣ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ያኔ ዕዳውን በሙሉ፣ ምናልባትም ከጥቂት ወለድ ጋር፣ እስከ 60 ወር ድረስ ይከፍላሉ። እንደዚያ ከሆነ ቤቱን በገበያ ዋጋ ሸጦ መክፈልም ከእናትዎ ጋር ሊመከርበት የሚገባ ነገር ነው።

ቻፕተር 13 ቀላል አይደለም። ማስገቢያው 313 ዶላር ነው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ፋይል ባደረጉ በ30 ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ የአራት ዓመት የግብር ወረቀት መቅረቡ ግዴታ ነው፣ አዲስ ብድር ያለ ፈቃድ አይወሰድም፣ ሳይጠናቀቁ የሚፈርሱትም ብዙ ናቸው። ከአማካሪው ዕቅድ የሚሻልበት ግን ገቢ ሲቀንስ ክፍያው እንዲስተካከል ፍርድ ቤቱን መጠየቅ መቻሉና እንደ ቻፕተር 7 በር ዘግቶ የማይዝ መሆኑ ነው።

401ኬውን አይንኩ። በአሠሪ በኩል የተያዘ የጡረታ ገንዘብ በባንክራፕሲ አበዳሪ አይደርስበትም። አሁን ካወጡት በዕድሜዎ 10 በመቶ ቅጣትና ገቢ ግብር ይቆረጥበታል፣ ከ11,000ው እጅዎ የሚገባው ከ8,000 ብዙም የማይርቅ ይሆናል። ሕጉ የጠበቀልዎትን ገንዘብ አውጥቶ ሊሰረዝ የሚችል ዕዳ መክፈል ከምናያቸው ስህተቶች ሁሉ ውዱ ነው።

የባለቤትዎን ወንድም አስቀድሞ መክፈል ደግሞ እሳቸውኑ ይጎዳቸዋል። ለዘመድ ፋይል ከማድረግ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለ ዕዳ፣ በድምሩ 600 ዶላር ከደረሰ፣ ትረስቲው ከተቀባዩ ሊጠይቀው ይችላል። ወንድምዬው ገንዘቡን አግኝተው ከወራት በኋላ ከማያውቁት ሰው «መልስ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ዘመድ ላልሆነ አበዳሪ ይህ ጊዜ 90 ቀን ነው፣ እቁቡም በዚህ ውስጥ ይወድቃል፤ እንደ ወትሮው በጊዜው የተከፈለ ነው የሚል መከላከያ ቢኖርም።

እቁቡ ራሱ፣ ከበሉት በኋላ፣ ዕዳ ነው፤ 4,500 ዶላር ተብሎ ይመዘገባል፣ ሰብሳቢው እንደ አበዳሪ፣ ባልደረባዎ እንደ ዋስ ይጻፋሉ። (ገና ያልወጣለት አንባቢ ቢሆን የጣለው ገንዘብ ንብረት ሆኖ ይመዘገብ ነበር።) የትኛውን አበዳሪ እንደሚጽፉ መምረጥ አይቻልም። በቻፕተር 7 የእርስዎ ግዴታ ይሰረዛል፣ የዋስዋ አይሰረዝም። ግን ዕዳን በፈቃድ መክፈልን የሚከለክል ሕግ የለም፦ ፋይል ካደረጉ በኋላ ከሚያገኙት ደመወዝ 500ውን ወር በወር መጣል ይችላሉ፣ ካርዱ ሲነሳ 650ው ነጻ ነውና ይበቃል። ቻፕተር 13 ላይ ለአንዱ ለብቻ መክፈል አይቻልም፣ ይልቁንም ዋስዋ ራሷ በዕቅዱ ዘመን ከጠያቂ ትከለላለች፣ ዋስ ያለበትን የፍጆታ ዕዳም ዕቅዱ ለይቶ እንዲያስተናግድ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን ለጠበቃው እርስዎ ያስታውሱት፤ እቁብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ብዙ ነው።

ለእናትዎ የላኩት ባለፉት ሁለት ዓመታት ከ600 ዶላር ስላለፈ በስጦታ ተርታ ይጻፋል። ጥፋት አይደለም፣ የሐዋላ ደረሰኙን ግን ይያዙ። በቻፕተር 13 ትረስቲው 300ው ይቀነስ ሊል ይችላል፤ የእናትዎ የመድኃኒት ወጪ ካለ ማስረጃው ይረዳል። መኪናው ከብድሩ ያነሰ ዋጋ ስላለው ትረስቲው አይፈልገውም፤ ክፍያውን አያቋርጡ፣ ነገር ግን ባንኩ «ዕዳውን እንደገና አጽድቁ» ብሎ የሚልከውን ውል ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።

የዜግነት ማመልከቻው ባንክራፕሲ ገብተው ያውቃሉ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያልተከፈለ ግብር አለ ወይ ነው፣ በሐሰት መማልም ያሰናክላል፤ እንግዲህ ለዜግነትዎ የሚያሰጋው የባለቤትዎ ግብር ነው። ቻፕተር 7 በክሬዲት ሪፖርት ላይ እስከ 10 ዓመት፣ ቻፕተር 13 አብዛኛውን ጊዜ 7 ዓመት ይታያል። ያልተከፈለ ካርድም ያው 7 ዓመት ይታያል፣ እርስዎም ተከሰዋል። አሠሪዎ በዚህ ብቻ ሊያባርርዎ አይችልም፤ አዲስ የግል ቀጣሪና አከራይ ግን አይተው ሊያመነቱ ይችላሉ፤ ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ኪራዩን አስቀድማችሁ ያዙ።

በዚህ ሳምንት ቅጿን ይመልሱ፣ ለአዲስ አበባ ደውለው ደረሰኞቹን ያስፈልጉ፣ የሁለታችሁን የስድስት ወር ገቢ፣ የባንክ መግለጫና የግብር ወረቀት አንድ ላይ ያድርጉ። ከዚያ የባንክራፕሲ ጠበቃ፣ አቅም ካነሰ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ ያነጋግሩ። «ፎርሙን በርካሽ እሞላልሻለሁ» ከሚል የሰፈር ሰው ይራቁ፤ ጠበቃ ያልሆነ ቅጽ ሞይ ሕግ መምከር አይፈቀድለትም፣ የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ምክር እንጂ ጽሕፈት አይደለም ያጠረው። ጠበቃውን መጀመሪያ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ይጠይቁ፤ ሳያይ «ችግር የለውም» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ፍርድ ቤቱ ለተመዘገበ አበዳሪ ሁሉ ደብዳቤ ይልካል። ለባለቤትዎ ወንድም፣ ለእቁቡ ሰብሳቢና ለዋስዎ ፖስታው ሳይቀድምዎት ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው። የሚከፈላቸው መቼና ከየትኛው ገንዘብ እንደሚሆን ጠበቃው ካስረዳዎት በኋላ ቢሆን ይሻላል።